ሚንቱ ያበላሸው ሳንቲም የትኛው፣ መንገድ ያበላሸው የትኛው?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ዝርዝር በእጄ ያልፋል። መልኩ ለየት ያለ ሳንቲም ሳገኝ በራሴ ገንዘብ እየተካሁ አስቀምጣለሁ። ልጄ ደግሞ ቲክቶክ ላይ “ይህ ስህተት ያለበት ፔኒ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል” የሚሉ ቪዲዮዎች እያሳየች ታጓጓኛለች።

የስድስት ሳንቲሞችን ፎቶ ልኬላችኋለሁ። አንደኛው ቁጥሩና ፊደሉ ድርብ የሚመስል የ1972 ፔኒ (አንድ ሴንት) ነው፤ ከዓመቱ ሥር “ዲ” አለው። ሁለተኛው የሊንከን ፊት ላይ የተገለበጡ ፊደላት የታተሙበት ፔኒ ነው። ሦስተኛው ከሌሎቹ ያነሰና ጠርዙ የወፈረ ፔኒ፣ አራተኛው አንድ ፊቱ ቡናማ የሆነ ኳርተር (25 ሴንት)፣ አምስተኛው ዳሩ ላይ የተነከሰ የሚመስል ኒክል (5 ሴንት) ነው። ስድስተኛው የአሜሪካ አይደለም፤ ከእናቴ የቀረኝ የጃንሆይ ዘመን 25 ሳንቲም ሲሆን ዙሪያው ሞገድ ሞገድ ሆኖ ተቆርጧል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ “አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቆርጦት ነው” ይለኛል።

በኢንተርኔት ያገኘሁት ሰው “200 ዶላር ከከፈልሽኝ ሁሉንም አስመዝግቤ ገዢ አመጣልሻለሁ” አለኝ። ልክፈለው? እውነተኛውን ከተበላሸው ራሴ መለየት የምችለውስ እንዴት ነው?

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው እንነሳ፤ 200 ዶላሩን አይክፈሉ። ሳንቲም የሚገዛ ሰው ገንዘብ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ሳንቲም መርምረው እውነተኛነቱን የሚያረጋግጡ ድርጅቶች በርግጥ ያስከፍላሉ፤ ግን ዋጋቸው ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ሳንቲሙንም በፖስታ ተረክበው በእጃቸው ይዘው ነው የሚመረምሩት። አንድን ሳንቲም ለመሸጥ የሚያስፈልግ “ምዝገባ” የሚባል ነገር የለም። ፎቶ ብቻ አይቶ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅዎ ሰው የሚፈልገው ሳንቲምዎን ሳይሆን 200 ዶላርዎን ነው።

ፎቶዎቹን አጉልተን አይተናቸዋል። ከአምስቱ የአሜሪካ ሳንቲሞች ሦስቱ፣ ማለትም ፔኒዎቹ ሁሉ፣ ከሚንት (ሳንቲም ከሚመታበት የመንግሥት ፋብሪካ) ከወጡ በኋላ የተጎዱ ወይም ስህተት የሚመስል ነገር ብቻ ያለባቸው ናቸው። ኒክሉ እውነተኛ የሚንት ስህተት ነው ብለን እናምናለን። ኳርተሩ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ሊፈረድበት አይችልም። የእናትዎ 25 ሳንቲም ደግሞ ምንም አልሆነም፤ ወንድምዎ የተሳሳቱበትን ምክንያት ወደ ኋላ እንነግርዎታለን።

ቪዲዮዎቹ የበዙበት ምክንያት አለ። ለመገበያያ የሚወጣው ፔኒ ምርት ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆች ኖቬምበር 12 ቀን 2025) ፊላደልፊያ ላይ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ “ፔኒ ሊጠፋ ነው” የሚለው ወሬ ለሻጭ ተመቸ። ነገር ግን የአሜሪካ ግምጃ ቤት ግምት እንደሚለው ወደ 300 ቢሊዮን የሚጠጋ ፔኒ አሁንም በሰው እጅ አለ። ምርቱ ስለቆመ ብቻ ተራ ፔኒ ውድ አይሆንም። ውድ የሚያደርገው ሚንቱ ውስጥ የደረሰበት ነገር ነው።

ስለዚህ የሚያጠራጥር ሳንቲም ሲይዙ መጠየቅ ያለብዎት “ይህ ነገር እንግዳ ነው ወይ?” ብለው አይደለም። ሳንቲም በኪስ፣ በአስፋልት፣ በልብስ ማጠቢያ፣ በመዶሻ ሥር ብዙ እንግዳ መልክ ይይዛል። ጥያቄው “ይህን የትኛው የሚንት ማሽን፣ በየትኛው ደረጃ ላይ ሊሠራው ይችላል?” የሚል ነው። መልስ ከሌለው ሳንቲሙ የተጎዳ ነው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ለዚህ ደግሞ የሳንቲምን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ከጥቅል ብረት ላይ ክብ ክቡ በመቁረጫ ይበሳል። ክቦቹ በእቶን ይለሰልሳሉ፤ ይታጠባሉ፤ ከዚያም ጎናቸውን ዙሪያውን ጨምቆ ጠርዝ በሚያወጣላቸው ማሽን ያልፋሉ። በመጨረሻ ዳይ በሚባሉ ሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ገብተው በአንድ ምት ይታተማሉ። በምቱ ጊዜ ብረቱ ወደ ጎን እንዳይፈስ ኮላር የሚባል ቀለበት ዙሪያውን ይይዘዋል፤ የኳርተርና የዳይም (10 ሴንት) ጎን ላይ ያለውን ጥርስ የሚያወጣውም ይኸው ቀለበት ነው። ማተሚያው በደቂቃ እስከ 750 ሳንቲም ስለሚመታ አንድ ነገር ሲሳሳት ሰው እስኪያየው ድረስ ብዙ ሳንቲም ያልፋል። እውነተኛ ስህተት ሁሉ የሚወለደው ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ነው፤ የወጣበትን ደረጃ አሻራም ይዞ ይወጣል።

ከዚህ አሠራር የሚወጣ አንድ ጠቃሚ መለያ አለ። ዳዩ ላይ የተቦረቦረ ሁሉ ሳንቲሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ዳይ ሲሰነጠቅ ብረቱ ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ ሳንቲሙ ላይ ቀጭን ከፍ ያለ መስመር ይታያል። የዳዩ ዳር ተቆርሶ ሲወድቅ ደግሞ ሳንቲሙ ጠርዝ ላይ ፊደል የሌለው ጉብታ ይቀራል፤ ብረቱ ወደ ክፍተቱ ስለሸሸ በሌላው ፊት ትይዩ ያለው ጽሑፍ ደክሞ ይወጣል። ይህ የኋለኛው ምልክት የቀለጠ ብረት ወይም ብየዳ ጠብ ያለበትን ሳንቲም ወዲያው ያጋልጠዋል፤ በዚያ ላይ የጀርባው ጽሑፍ ሙሉ ነው። ጭረት፣ ጥርስና መዶሻ ግን ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ የገፉትንም ብረት በዳር በዳር ከምረውት ይሄዳሉ። ጭረቱ ዳር ላይ ጥፍር የሚይዝ ሻካራ ከንፈር ካለ ብረቱ የተገፋው ከታተመ በኋላ ነው።

ይህ መለያ ሁለት ቦታ ላይ ያሳስታል። አንደኛ፣ ወደ ውስጥ የገባ ሁሉ ጉዳት አይደለም። ሽቦ፣ ክር ወይም የማሽን ቅባት በዳዩና በብረቱ መካከል ገብቶ አብሮ ከታተመ ሳንቲሙ ላይ የራሱን ጎድጓዳ ቅርጽ ይተዋል። ያኔ ግን የጎድጓዳው ዳር ንጹሕ ነው፣ የተከመረ ብረት የለበትም። ሁለተኛ፣ ከፍ ያለ ሁሉ ስህተት አይደለም። በፈረንጆች ከ1982 ወዲህ ያለው ፔኒ ውስጡ ዚንክ፣ ላዩ ብቻ ስስ መዳብ ነው፤ ከመዳቡ ሥር አየር ሲቀር ትንንሽ እብጠት ያወጣል። በቪዲዮ “ተጨማሪ ፊደል” እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ይኸው እብጠት ነው፤ ዋጋ የለውም።

የሚያስፈልጉዎት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ የግራምን መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ማግኔትና ከአንድ ጎን የሚያበራ መብራት። ጣሪያ ላይ ያለ መብራት ሳንቲምን ጠፍጣፋ ያስመስላል፤ መብራቱን ዝቅ አድርገው ከጎን ሲያበሩበት ጉብታና ጎድጓዳው በጥላው ይለያል። ፎቶ ሲልኩም እንደዚያው ያድርጉ።

ክብደቶቹን ጽፈው ሚዛኑ አጠገብ ይለጥፉ። ከ1982 በፊት ያለው የመዳብ ፔኒ 3.11 ግራም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው 2.50። በ1982 ሁለቱም ተሠርተዋል። ኒክል 5.00፣ ዳይም 2.27፣ ኳርተር 5.67 ግራም ነው። ከ1965 በፊት ያሉት ዳይምና ኳርተር 90 በመቶ ብር ስለሆኑ 2.50ና 6.25 ይመዝናሉ። ሚንቱ ራሱ ትንሽ ልዩነት ይፈቅዳል፤ ለአሁኑ ፔኒ 0.10፣ ለኒክል 0.19፣ ለኳርተር 0.23 ግራም ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም። ስለዚህ 5.55 የሚመዝን ኳርተር “ቀላል” አይደለም፤ ደንበኛው ክልል ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሳንቲሞችዎ።

የ1972ቱ ፔኒ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ጊዜ ልንሰጠው ይገባል። በዚያ ዓመት በርግጥ ታዋቂ ድርብ ፔኒ አለ፤ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። የእርስዎ ግን እሱ አይደለም። እውነተኛው ድርብ የሚመጣው ከዳዩ አሠራር ነው። በዚያን ዘመን ዳይ የሚቀረጸው ከዋናው ቅርጽ ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ እየተጫነ ነበር። በሁለተኛው ጭነት ቅርጹ ትንሽ ዞር ካለ ዳዩ ላይ ሁለት ጽሑፍ ይቀራል፤ ከዚያ ዳይ የወጣ ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብ ይዞ ይወጣል። የእርስዎ ዓይነት ድርብ ግን ከማተሚያው ነው የሚመጣው። ዳዩ ላላ ብሎ ከምቱ በኋላ ይንሸራተትና አሁን የታተመውን ፊደል ጎኑን ይጨፈልቀዋል።

ሁለቱ በመነጽር ይለያያሉ። ከዳዩ የመጣው ድርብ ፊደሉን ያወፍረዋል፤ ሁለቱም ጽሑፍ እኩል ክብነትና ከፍታ አላቸው፤ የፊደሉ ማዕዘኖች ላይ መሰንጠቅ ይታያል። ከማተሚያው የመጣው ፊደሉን አያወፍርም፤ እንዲያውም ከራሱ ሥጋ ቆርሶ በጎኑ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚያብረቀርቅ እርከን ያወጣል። በፎቶዎ ላይ የሚታየው ይኸው እርከን ነው። ከሁሉ በላይ ግን “ዲ”ዋ ትመሰክራለች። “ዲ” ሳንቲሙ የተመታበትን ከተማ፣ ዴንቨርን፣ ታመለክታለች፤ በ1972 ይህ የከተማው ፊደል ዋናው ቅርጽ ላይ አልነበረም፤ ዳዩ ከተቀረጸ በኋላ በእጅ ተለይቶ ነበር የሚመታበት። የዳዩ ቅርጽ ሲደረብ “ዲ” አብራ ልትደረብ አትችልም። በእርስዎ ፔኒ ላይ ዓመቱም “ዲ”ዋም በአንድ አቅጣጫ ተንሸራተዋል፤ ስለዚህ የተንሸራተተው ማተሚያው ነው። ታዋቂው የ1972 ድርብ ደግሞ የተመታው ፊላደልፊያ ስለሆነ ከዓመቱ ሥር ፊደል የለውም፤ በፊቱ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ያለ መነጽር ድርብ ሆኖ ይነበባል። ይህን የከተማ ፊደል መለያ ከ1990 በፊት ላሉ ፔኒዎች ሁሉ መጠቀም ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፊደሉ ዋናው ቅርጽ ላይ ስለገባ አይሠራም።

ሁለተኛው ፔኒ፣ የሊንከን ፊት ላይ የተገለበጠ ጽሑፍ ያለበት፣ ሌላ ፔኒ ተደርቦበት በሞርሳ የተጨመቀ ወይም በመዶሻ የተመታ ነው። ፊደላቱ ወደ ውስጥ የገቡና እንደ መስተዋት የተገለበጡ ናቸው፤ ከሥራቸው ግን መደበኛው የሊንከን መልክ ሙሉ በሙሉ አለ፣ ተጨፍልቆ። ሁለት ጊዜ የተመታ እውነተኛ ሳንቲም ላይ ሁለተኛው ጽሑፍ ከፍ ብሎ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ይነበባል፤ ምክንያቱም ያተመው ዳይ ነው። በእርግጥ ሚንት ውስጥም የተገለበጠና ወደ ውስጥ የገባ መልክ ይፈጠራል፤ አንድ የታተመ ሳንቲም ዳዩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ የሚቀጥለውን ባዶ ብረት ሲመታ ነው። ያኔ ግን ግልባጩ ያንን ፊት ይይዘዋል፤ ከሥሩ መደበኛ መልክ አይኖርም፣ ባዶው ብረት ያን ዳይ አላገኘውምና። እንዲህ ያለውን በሞርሳ የተሠራ ሳንቲም እያወቁ “የሚንት ስህተት” ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ስለሆነ፣ ገዢ ቢመጣም እውነቱን ይንገሩት።

እንደ ዘመዱ የሚያሳስት ሌላም አለ፤ ሁለቱም ፊቱ አንድ የሆነ ሳንቲም። ከሞላ ጎደል ሁሉም የአስማተኛ መጫወቻ ናቸው። አንዱ ሳንቲም ውስጡ ይፈለፈላል፣ የሌላው ግማሽ ይገጠምበታል። ከጠርዙ ውስጠኛ በኩል በመነጽር ዙሪያውን ቢያዩ የተገጠመበትን መስመር ያገኙታል።

ሦስተኛው ፔኒ በልብስ ማድረቂያ ማሽን የቆየ ነው። ሳንቲሙ በከበሮው ክፍተት ውስጥ ተይዞ ለረጅም ጊዜ በጎኑ እየተንከባለለና እየተመታ ይኖራል፤ ጠርዙ ይወፍርና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ፊደላቱን መሸፈን ይጀምራል፣ ዙሪያውም ይጠብባል። ብረት ስላልጠፋ ክብደቱ ወደ 2.5 ግራም ይቀርባል። በዳይም ብረት ላይ በስህተት የታተመ ፔኒም ትንሽ ነው፤ ግን እሱ መልኩ ነጭ፣ ክብደቱ 2.27 ግራም ነው፤ ፊደላቱም ብረት ስላነሰ ዳር ላይ ይቆረጣሉ እንጂ በወፍራም ጠርዝ አይሸፈኑም።

ኳርተሩ ሊያስደስትዎ ይችላል፤ ገና አይቸኩሉ እንጂ። የአሁኑ ኳርተር ውስጡ ንጹሕ መዳብ ሲሆን በሁለቱም ፊት ኒክል የሚባለው ማዕድንና የመዳብ ቅይጥ ተለብጦበታል። አንዳንዴ ከመታተሙ በፊት አንዱ ልባስ ይላቀቅና መዳቡ በቀጥታ ይታተማል። ይህ እውነተኛና ተፈላጊ ስህተት ነው። ነገር ግን መሬት ውስጥ የቆየ፣ እሳት የነካው ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት ኳርተርም እንዲሁ ቡናማ ይሆናል። ፎቶ ሁለቱን አይለይም፤ ሚዛን ግን ይለያል። እያንዳንዱ ልባስ የውፍረቱ ስድስተኛ ስለሆነ አንዱ የጎደለው ኳርተር ወደ 4.7 ግራም ይወርዳል። 5.6 ካነበቡ ልባሱ አለ፤ ቡናማው ቆሻሻ ወይም ቃጠሎ ነው። ከዚያ ጎኑን ይመልከቱ። ጤነኛ ኳርተር ጎኑ ላይ መሐል ላይ የመዳብ መስመር፣ ከላይና ከታች ነጭ መስመር አለው። ልባስ በጎደለው ላይ ነጩ መስመር በአንድ በኩል ብቻ ይቀራል። ሁለቱም ምልክቶች ከተስማሙ ሳንቲሙ ወደ መርማሪ ሊላክ ይገባዋል። ክብደቱ ቀሎ ጎኑ ላይ የአሲድ መበላት፣ ፊደሉ ላይ መሟሟት ካለ ግን በአሲድ የተነከረ ነው። አሲድ ሁሉንም እኩል ስለሚበላ ፊደሎቹን ከነቅርጻቸው ያሳንሳቸዋል፤ ስስ ሆኖ የታተመ ሳንቲም ግን ብረቱ ዳዩን ስለማይሞላው ደክሞ ነው የሚታተመው።

አሁን ኒክሉ፣ ከሁሉም ደስ ያሰኘን። ክብ ብረቶቹ ከጥቅሉ ሲበሱ ጥቅሉ በቂ ያህል ካልተራመደ መቁረጫው ቀድሞ የተበሳውን ቀዳዳ ዳር ይደርብና ግማሽ ጨረቃ የጎደለው ክብ ይወጣል። ያ ጎዶሎ ክብ ጠርዝ በሚያወጣው ማሽን ሲያልፍ ደግሞ ሁለተኛ ምልክት ያገኛል። ማሽኑ ክቡን ከሁለት ወገን ነው የሚጨምቀው፤ የጎደለው ቦታ ሲደርስ የሚገፋው ብረት ስለሌለ ከእሱ ትይዩ ያለውም ጠርዝ አይጨመቅም። ስለዚህ ኒክሉ የተነከሰው በሦስት ሰዓት በኩል ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለውን ጠርዝ ይመልከቱ፤ ሳስቶ ወይም ጠፍቶ ያገኙታል። በፎቶዎ ላይ በትክክል ይህ አለ። ሰው በመጋዝ ወይም በሞረድ ቢቆርጠው ኖሮ ትይዩው ጠርዝ ሙሉ ይሆን ነበር፤ ቆራጭ ስለዚያ ጎን አያስብም።

ሌላም ያረጋገጠልን አለ። ከተነከሰው አጠገብ ያሉት ፊደላት በቢላ እንደተቆረጡ ድንገት አያልቁም፤ ወደ ጎዶሎው እየሳቡና እየደከሙ ይሄዳሉ፤ በምቱ ጊዜ ብረቱ ወደ ባዶው ቦታ ስለፈሰሰ ነው። ይመዝኑት፤ ከ5.00 የሚያንሰው በተነከሰው ቦታ ልክ ይሆናል። የተቆረጠውን ጎን በመነጽር አይተው የሞረድ መስመር ካገኙ ግን ያሳውቁን፤ ፍርዳችንን ያስለውጠናል። ዋጋው? ትንሽ ንክሻ ያለበት ኒክል ጥቂት ዶላር ነው የሚያወጣው። መርማሪ ድርጅት ለመላክ የሚከፍሉት ከሳንቲሙ ዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ እንዳለ ያስቀምጡት።

ገንዘብ ተቀባይ ስለሆኑ ወደፊት የሚያጋጥምዎትን ሌላ ነገር ባጭሩ እንጨምር። ጽሑፉ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ግማሹ ባዶ የሆነ ሳንቲም እውነተኛነቱ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል፤ ዓመቱ ከተነበበ ይበልጥ ይፈለጋል። ጥርስ የሌለውና ከመደበኛው ሰፋ ያለ ኳርተር ወይም ዳይም ካገኙ ኮላሩ ሳይይዘው ታትሞ ሊሆን ይችላል፤ ጎኑ ለስላሳና ያልተነካ ከሆነ ያስቀምጡት፣ የሞረድ ምልክት ካለው ይተዉት። ፊቱ ላይ ክብ ሆኖ የዞረ ጭረት ያለበት ሳንቲም ሳንቲሞችን በጥቅል በሚያሽገው ማሽን የተፋቀ ነው። መዳብ የሚመስል የ1943 ፔኒ ካጋጠመዎ ማግኔት ያቅርቡለት። በጦርነቱ ምክንያት በዚያ ዓመት ፔኒ የተሠራው ዚንክ ከተለበጠበት ብረት (ስቲል) ነው፤ ጥቂት ብቻ ቀርቶ በነበረው መዳብ ላይ ታትመዋል፣ እነሱም እጅግ ውድ ናቸው። ማግኔት ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ካልሳበውና 3.11 ግራም ከመዘነ ደግሞ “3” ቁጥርን በመነጽር ይዩት፤ የ1948 ፔኒ “8” ግማሹ ተፍቆ “3” እንዲመስል ማድረግ የቆየ ማጭበርበሪያ ነው።

ወደ እናትዎ 25 ሳንቲም እንመለስ። ከነጻነት በኋላ ለኢትዮጵያ የተዘጋጁት እነዚህ ሳንቲሞች መጀመሪያ የተመቱት እዚያው የፔኒ ምርት ባበቃበት በፊላደልፊያ ሚንት ነው፤ ላያቸው ላይ ያለውም ዓመት ፲፱፻፴፮ ነው። 25ቱ በመጀመሪያ ክብ ነበር፤ ከመዳብ የተሠራ። ችግሩ ስፋቱ ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ተመሳሰለ። ስለዚህ በፈረንጆች 1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ክቡ ብዙ ሳይሰራጭ ተሰበሰበና ዙሪያው በሞገድ ተቆርጦ ወጣ። ማለትም የእናትዎን ሳንቲም የቆረጠው የቤት ሰው ሳይሆን መንግሥት ነው። አቆራረጡ አንዳንዱ ላይ ሻካራ፣ አንዳንዱ ላይ የለሰለሰ መሆኑ ነው ወንድምዎን ያሳሳታቸው። ሞገዶቹ ዙሪያውን በእኩል ርቀት ከሄዱና የጎኑ መልክ እንደ ፊቱ አርጅቶ ከጠቆረ ደንበኛው ነው። የሞረድ ጭረት ወይም ያልጠቆረ አዲስ መዳብ ጎኑ ላይ ካዩ ብቻ ይጠራጠሩ። ብዙ ዋጋ የሚያወጣው ሞገዱ አይደለም፤ ክቡን ያገኘ ነው የበለጠ ዕድለኛ።

እሱንም ሆነ ሌሎቹን በሎሚና ጨው፣ በኮምጣጤ ወይም በጥርስ ሳሙና እንዳይነኳቸው አደራ። የተወለወለ ሳንቲም ላዩ ይገፈፋል፤ ሰብሳቢ በአንድ እይታ ያውቀዋል፣ ዋጋውም እዚያው ይወድቃል። በጎናቸው ይያዟቸው። ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ኪስ ከጊዜ ብዛት አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣባቸዋል፤ ለሳንቲም የተሠራውን ግልጽ መስኮት ያለው የካርቶን መያዣ ይጠቀሙ። ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ነው።

ኳርተሩ 4.7 አካባቢ ከመዘነ ፒሲጂኤስ፣ ኤንጂሲ ወይም አናክስ ከሚባሉት መርማሪዎች ወደ አንዱ ይላኩት፤ ክፍያው ከነፖስታና ከነዋስትናው በአሥሮች ዶላር ስለሚቆጠር ለእንደዚህ ያለ ሳንቲም ብቻ ነው የሚያዋጣው። ከመላክዎ በፊት ባልቲሞር የስብሰባ ማዕከል ውስጥ ትልቅ የሳንቲም ገበያ የሚካሄድበትን ቀን አጣርተው ይዘውት ይሂዱ፤ ለእርስዎ ሩቅ አይደለም። እዚያ ስህተት ሳንቲም ላይ ብቻ የሚሠሩ ነጋዴዎች ስላሉ ቢያንስ ሁለቱን ያስጠይቁ። ኢቤይ ላይ ዋጋ ሲያዩ ሰው የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን የሚያሳየውን ማጣሪያ ይምረጡ። ሰው ለአንድ ተራ ፔኒ አሥር ሺህ ዶላር ብሎ መለጠፍ ይችላል፤ የሚከፍል መኖሩ ሌላ ነገር ነው።

ሚዛኑን እንደገዙ የኳርተሩን ክብደትና የጎኑን ፎቶ፣ የኒክሉንም የተነከሰ ጎን በቅርብ አንስተው ይላኩልን። በሁለቱም ላይ የመጨረሻ አስተያየታችንን እንሰጥዎታለን።